የኋላ ወንበር ዋጋ

አማርኛ ስለ ዋጋ ሁለት ጥያቄ አለው፤ ሁለቱንም የሚጠይቀው ግን በአንድ ቃል ነው። "ዋጋው ስንት ነው?" ሲባል መልሱ ቁጥር ነው። "ምን ዋጋ አለው?" ሲባል ቁጥር የሚመልስ ሰው እንደ ቀላጅ ይቆጠራል። የመጀመሪያውን ገበያ ላይ እንሰማዋለን፣ ሁለተኛውን ለቅሶ ቤት። አንድ ሰው ለልጆቹ "ዋጋ ከፍሏል" ስንልም ስለ ብር እያወራን እንዳልሆነ ማንም አያጣውም።

ሌላም እንዲህ ያለ ቃል አለን፤ ትርፍ። ነጋዴ ከሸቀጡ ላይ የሚያገኘው ትርፍ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ከወንበር በላይ የተጫነ ሰውም ትርፍ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ "ትርፍ ጭነሃል" ሲል ሾፌሩ በሆዱ "ታዲያ ለምን ልወጣ ኖሯል?" ቢል ቃሉ ራሱ ይፈቅድለታል።

እነዚህን ሁለት ቃላት በደንብ ያሰብኩባቸው ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ዶልፊን የምንላት አሮጌ ቶዮታ ሃይኤስ ሥር ተጋድሜ ነው። መኪናዋ የአጎቴ ናት። ጋሼ ብለን ነው የምንጠራቸው። ወደ ደብረ ሲና፣ አንዳንዴም ወደ አንኮበር ይሠሩባታል። የኋላ ባሌስትራዋ ደክሟል፤ ሰው ሲሞላ ቂጧ ይወርዳል፣ ጉድጓድ ስትገባ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል። መንገድ ተዘግቶ መኪናዋ ያለ ሥራ የቆመችበት ሰሞን ነበር። ጋሼ "አንተ ኢንጂነር አይደለህ? እዚሁ እንሥራት" አሉኝ። የተማርኩት ምህንድስና ነው፣ እንጀራዬ ግን ኮድ መጻፍ ነው። ቢሆንም ክሪክ፣ ኪያቤና ቅዳሜ ነበረኝ።

ባሌስትራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ረጃጅም፣ በትንሹ የጎበጡ የብረት ቅጠሎች ተደራርበው መሐላቸው ላይ በቡሎን ይታሰራሉ። ሁለቱ ጫፎች ሻንሲው ላይ፣ መሐሉ የኋላ አክስሉ ላይ ነው። ክብደት ሲያርፍበት ይዘረጋል፣ ሲነሳለት ይጎብጣል። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ በእነሱ ቋንቋ ባሌስትራ ማለት እንጨት ላይ የሚገጠም የጦር ቀስትም ነው። ስሙ ደህና ገብቶታል፤ ሁለቱም ተወጥረው ጉልበት የሚያስቀምጡ ብረቶች ናቸው። ቡሎኑም፣ ክሪኩም፣ ካቻቢቴውም ከዚያው ነው የመጡት። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ የምታልፈው የጣርማ በር ዋሻም በወረራው ዘመን ጣሊያን ያስቆፈረው ነው። ዋሻውም የመኪናው ሆድ ዕቃ ስሞችም የመጡት ከአንድ ቤት ነው።

ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። የተሰነጠቀውን አንድ ቅጠል ቀየርን፣ ሁለቱን የኋላ ሾክ አብዞርበሮች ጣልን፣ የተበሉትን ጎሚኒዎች ተካን፣ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖችም አዲስ አደረግን። ጋሼ ዕቃውን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው ያስመጡት። ድምሩ 34 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ከዕቃው ጋር ግን ሁለት ተጨማሪ ቅጠሎች አብረው መጡ፤ ለግራና ለቀኝ አንድ አንድ። "እነዚህንም ጨምርባት፤ ጠንከር ትበል" አሉኝ። ጭቅጭቃችን የተነሳው በእነዚህ ሁለት ብረቶች ነው። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን የሥራውን ዋጋ ሊገምቱ የመጡትን ዳኞች ላስተዋውቅ።

የመጀመሪያው ዳኛ እኔው ነኝ። ከለመድኩት ሙያ የተነሳ ሰዓት ቆጥሬያለሁ፤ 19 ሰዓት ሠርቻለሁ። ኮድ ጽፌበት ቢሆን ኖሮ የማገኘው ብር ጋራዥ ለእጅ ሥራ ከሚጠይቀው ይበልጣል። በዚህ ሒሳብ ሦስቱን ቅዳሜ አቃጥያቸዋለሁ። ግን ሒሳቡ አልተዋጠልኝም፤ ምክንያቱም እነዚያን ሰዓታት ማንም ሊገዛኝ ወረፋ አልያዘም ነበር። በሌላ በኩል ሥራውን ጨርሼ ከመኪናዋ ሥር ስወጣ በዓለም ላይ እንደዚህ ያማረ ባሌስትራ ያለ አልመሰለኝም። ይህንንም ማመን አይገባም። ማይክል ኖርተን፣ ዳንኤል ሞቾንና ዳን አሪዬሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ወረቀት አጥፈው እንስሳ እንዲሠሩ አድርገው፣ ለሠሩት ምን ያህል እንደሚከፍሉ ጠየቋቸው። ሠሪዎቹ ጠማማ ሥራቸውን ባለሙያ ከሠራው ጋር ለማስተካከል ትንሽ ነው የቀራቸው። ለሌላ ሰው ግን ያው የተጨማደደ ወረቀት ነበር። "የአይኬአ ውጤት" ብለው ጠሩት፤ ገዢው ራሱ በሚገጣጥመው የቤት ዕቃ በታወቀው ድርጅት ስም። ላብ ፍቅር ይወልዳል፤ ፍቅር ደግሞ ጥሩ ዋጋ ገማች አይደለም።

ሁለተኛው ዳኛ ደላላ ነው። ጋሼ መኪናዋን ለመሸጥ አስበው ሳይሆን "እንዲያው ስንት ታወጣለች?" ለማለት አንድ የሚያውቁትን የመኪና ደላላ ቡና ጋበዙት። እኛ አገር ላይ መኪና የሚገርም ፍጡር ነው፤ ብረቱ ያረጃል፣ ዋጋው ይጨምራል። ምክንያቱ ተአምር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ስለዚህ አሮጌ ሃይኤስ ቆማ ብታድርም ዋጋዋ ሲያድግ ታድራለች።

ደላላው ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። "ሾኩ አዲስ ነው፤ ጥሩ" አለ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙትን ሁለት ቅጠሎች አይቶ "እነሱን ግን ስትሸጧት አውልቁላት" አለ። ለምን ብንለው፣ "ባሌስትራ የተጨመረባት መኪና ብዙ ስትጭን ኖራለች ማለት ነው። ገዢ ያንን ሲያይ ይሸሻል።"

እዚህ ላይ አርስቶትል ትዝ አለኝ። "ፖለቲካ" በተባለው መጽሐፉ ጫማ ሁለት ጥቅም አለው ይላል፤ አንዱ መጫሚያ፣ ሌላው መለወጫ። ሁለቱም የጫማው ጥቅም ናቸው፣ ጫማ የተሠራው ግን ለመለወጥ አይደለም። የእኛን ባሌስትራ በዚህ ብንመዝነው ነገሩ ይበልጥ ይጠማዘዛል። ለአጎቴ ጉልበት የሆነው ብረት ለገዢው የበደል ማስረጃ ነው። አንድ ብረት ሥራ ላይ ሲውል ዋጋ የሚጨምር፣ ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋ የሚቀንስ ከሆነ፣ "ተሻሻለች" ማለት ከማን አንጻር ነው?

ሦስተኛው ዳኛ ጋሼ ናቸው። የእሳቸው ሒሳብ አጭር ነው። "ነዳጅ ጨመረ፣ ጎማ ጨመረ፣ ታሪፉ ግን እዚያው ነው። በወንበር ልክ ብጭን ለቀኑ ወጪ እንጂ ለቤት አይተርፈኝም። ሁለት ሦስት ሰው፣ አንድ ሁለት ኩንታል ገብስ ስጨምርበት ነው ትርፉ የሚመጣው።" ትርፉ ከትርፉ። ይህን የምትሉትን ሰው በስግብግብነት መክሰስ ቀላል ነው፣ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ሁለት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። እሳቸው ታሪፍ አላወጡም፣ መንገድ አልዘጉም፣ ዶላርም አልተመኑም።

እና ቅጠሎቹን ብጨምር ምን ይሆናል? በቁጥር ላስቀምጠው። እኩል ውፍረትና ርዝመት ያላቸው አራት ቅጠሎች ላይ አንድ አምስተኛ ብትጨምር የባሌስትራው ጥንካሬ በግምት በሩብ ያድጋል። ስትጫን ያን ያህል አትወርድም። ባዶዋን ወይም በወንበር ልክ ስትሄድ ግን ኮብልስቶኑ በሙሉ ወደ መቀመጫው ይወጣል። የሰው አካል ለላይና ታች ንዝረት በጣም ስሜታዊ የሚሆነው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ሲናጥ እንደሆነ አይኤስኦ 2631 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ያሳያል። ያ ንዝረት ደግሞ ሁሉንም እኩል አያገኝም። ሾፌሩ የተቀመጠው ከፊት ጎማ በላይ ነው፤ የነካነው የኋላውን ነው። ምቱን የሚቀበለው የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለ ሰው ነው፤ ዘግይቶ የመጣ፣ ጋቢና የማይገባ፣ ብዙ ጊዜም ሕፃን ያቀፈች ወይም ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ። ከዳኞቹ ሁሉ ያልተጠራው አራተኛው ዳኛ እሱ ነው።

ምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልከራከርም ነበር። ሁለት ሰዓት መናጥ አይገድልም እንበል። የከበደኝ ሌላው ነው። ፋብሪካው መኪናዋ ስንት ኪሎ እንደምትችል ሲወስን ባሌስትራውን ብቻ አላየም፤ ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ አክስሉን አብሮ አይቷል። እኛ የምናጠነክረው ከእነዚህ አንዱን ነው። አራት ትርፍ ሰዎች 260 ኪሎ ይሆናሉ ብለን እንያዝ። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርዱ፣ በየ100 ሜትር ከፍታው እነዚህ አራት ሰዎች ብቻ የሚጨምሩት ጉልበት 1 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ለማሞቅ ይበቃል። ማርሽ ያልያዘውን ያን ሙቀት የሚውጠው ፍሬኑ ነው። ፍሬኑ ባሌስትራ መጨመሩን አልሰማም።

ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። መኪናዋ ትርፍ ስትጭን ኋላዋ መውረዱን ሁላችንም እንደ ጉድለት ነበር የምናየው። ነገር ግን ያ መውረድ ምስክር ነበር። ለሾፌሩ "በዝቷል" ይለዋል፣ ለትራፊክ ፖሊሱ ከሩቅ ይታየዋል፣ ሊሳፈር ለሚመጣውም "ተው፣ ሌላ ጠብቅ" ይለዋል። ሁለት ቅጠል ስንጨምር ክብደቱን አልቀነስነውም፤ ምስክሩን ነው ዝም ያሰኘነው። በእኔ ሙያ ይህ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ፕሮግራም ስህተት ሲያሳይ ስህተቱን ሳይሆን መልእክቱን የሚያጠፋ ኮድ መጻፍ ይቻላል። ስክሪኑ ንጹሕ ይሆናል፣ ደንበኛው ያመሰግናል፣ ችግሩ ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። ቀጥ ብላ የቆመች፣ ከልክ በላይ የተጫነች መኪና እንዲህ ያለ ንጹሕ ስክሪን ናት።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው የመለሱት ያልጠበቅኩትን ነው። "ትርፍ ትርፍ ትላለህ። ትርፉ ሰው ነው እኮ። ማታ ላይ ከደብረ ሲና ስመለስ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ መንገድ ዳር ብትቆም፣ ወንበር ሞልቷል ብዬ ጥያት ልለፍ? ብርዱን ታውቀዋለህ።"

አውቀዋለሁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከዚያም ይበልጣል። ሌሊቱ ቀልድ አይደለም። ይህ ክርክር እውነት አለበት፤ ትርፍ የምንላት ሴት ራሷ እጇን ዘርግታ ለምና ነው የምትገባው። ስለ እሷ ደህንነት ከሞቀ ቤቴ ሆኜ ስፈላሰፍ እሷ ውጭ ናት። ያን ምሽት እኔ ብሆን አልፋት ነበር? አላልፋትም።

ግን ልብ በሉ፤ ያን ምሽት እሷን ለመጫን አዲስ ቅጠል አያስፈልግም። መኪናዋ አንድ ሰው ትጨምራለች፣ ኋላዋ ትንሽ ትወርዳለች፣ ጋሼ ያውቁታል፣ ቀስ ብለው ይነዳሉ። ያ ደግነት ነው፤ ደግነት ከልክ ሲያልፍ ልኩን እያወቀ ነው። ቅጠሎቹ የሚጨመሩት ለዚያች ሴት አይደለም። ለጠዋቱ ነው፣ ለገበያው ቀን ነው፣ ለየቀኑ ነው። አንድ ምሽት የተደረገውን ልዩ ነገር ብረት ላይ ስንበይደው ልዩነቱ ይቀራል። ቺካጎ ያስተማረው ሳም ፔልትዝማን እ.ኤ.አ. በ1975 መኪኖች ላይ የደህንነት ዕቃ ሲጨመር ሾፌሮች በዚያው ልክ ደፋር ይሆናሉ ብሎ ጽፎ ነበር። ምን ያህል እውነት እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በደህንነት ዕቃ ይከራከሩ፤ ስለ መጫኛ ዕቃ ግን ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው የሚከራከር አይመስለኝም። ቦታ ካለ ይሞላል፤ "ጠጋ ጠጋ በሉ" የተባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ የአንድ ማሻሻያ ዋጋ በማን ይገመት? ጆን ሮልስ የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ የሐሳብ ሙከራ አቅርቧል። የማኅበረሰቡን ደንብ የሚያወጡ ሰዎች፣ ደንቡ ሲወጣ ራሳቸው ሀብታም ይሁኑ ድሃ፣ ጤነኛ ይሁኑ በሽተኛ እንደማያውቁ አድርገህ አስብ ይላል። እንደዚያ ከሆነ ማንም የመጨረሻውን ሰው የሚረግጥ ደንብ አያወጣም፤ ያ ሰው እሱ ሊሆን ይችላልና። ሮልስ ይህን ለማሰብ መጋረጃ መጠቀም ግድ ሆኖበታል። እኛ ሚኒባስ አለን። ነገ የትኛው ወንበር እንደሚደርስህ ሳታውቅ፣ ጋቢና ይሁን የኋለኛው ጥግ፣ ባሌስትራውን ግጠም ብትባል እንዴት ትገጥመዋለህ?

ይህ ጥያቄ የጋሼን ቤት አይረሳም። ከወንበሮቹ አንዱ የሾፌሩ ነውና፣ ከዚያ ወንበር ጋር የቤት ኪራይና የልጆች ክፍያ አብሮ ይደርስሃል። ስለዚህ መልሱ "ምንም አትንካ" አይደለም። የተሰነጠቀው ቅጠል መቀየር አለበት። ሾኩ መቀየር አለበት፤ ያለቀ ሾክ ጎማውን ከመሬት ያዘልለዋልና። ማንም የማያያቸው ጎሚኒዎችና ቡሎኖችም። ከዚህ ሁሉ ሾፌሩም የኋለኛው ወንበርም ያገኛል። ሁለቱ ተጨማሪ ቅጠሎች ግን ለአንዱ ወንበር የሚያስገኙትን ከሌላው ወንበር ላይ ነው የሚወስዱት፤ የሚወሰድበት ሰው ደግሞ አልተጠየቀም። መጠገንንና ማሻሻልን የምለይበት መስመር እዚህ ላይ ነው ያገኘሁት፤ ጥገና ቃል የተገባውን ይመልሳል። ማሻሻያ አዲስ ቃል ይገባል፤ ስለዚህ ቃሉ የተገባው ለማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ለጋሼ እንዲህ አልኳቸው፤ "ባለ መኪናዋ እርስዎ ነዎት፣ የሚሉት ይሆናል። እኔ ግን በእጄ አላስገባቸውም።" ትንሽ ዝም አሉና "አንተ ባታስገባው ጋራዥ በአንድ ሰዓት ያስገባልኛል" አሉ።

ትክክል ናቸው፤ ያስገባላቸዋል። ይህን ክርክር በሙያዬም በየጊዜው እሰማዋለሁ፤ "አንተ ባትጽፈው ሌላ ሰው ይጽፈዋል።" ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን የሚነግረን ስለ ዓለም ነው፤ እኔ ምን ላድርግ ለሚለው መልስ አይሆንም። ሌላ ሰው ቡሎኑን ቢያጠብቀው ቡሎኑ በሌላ ሰው እጅ ጠበቀ ማለት ነው። ደግሞም እምቢታ ሁልጊዜ ዓለምን ለመለወጥ አይደረግም። አንዳንዴ ጥያቄው እንዳይሞት ነው። ጋሼ ጋራዥ ቢሄዱ እንኳ "ለማን ነው?" የሚለውን ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ያለ እኔ እምቢታ ግን ቅጠሎቹ እንደ ማንኛውም ዕቃ ዝም ብለው ይገቡ ነበር።

እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ሁለቱ ብረቶች አልገቡም። ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ዝገት ጀምሯቸዋል። ጋሼ አልጣሏቸውም፣ አልሸጧቸውምም። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ያዩዋቸዋል።

መንገዱ ሲከፈት አንድ ቀን ደብረ ሲና ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ ሆን ብዬ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ገና ከከተማ ሳንወጣ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ዋሻውን ስናልፍም አልነቃችም። 34 ሺህ ብር፣ 19 ሰዓትና አንድ ጭቅጭቅ ከመቀመጫዋ ሥር እንዳለ አታውቅም፤ ማወቅም የለባትም። ደላላው ለዚያ እንቅልፍ አንድ ብር አይጨምርም። እኔ ግን "ምን ዋጋ አለው?" ለሚለኝ ሰው የማሳየው እሱን ነው።